ባለ ሁለት በሯ ሬንጅ

በሩን ከፍተህ «ግቢ አክስቴ» ስትለኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ለቡ፣ የግቢህ በር ላይ፣ ጣሪያውን ፀሐይ ስትጠብሰው የዋለ መኪና። አንተ የምታሳየኝ ሌላ ሌላውን ነበር፤ አዲስ የተቀባውን ቀለም፣ የበሩን የእንጨት ጌጥ፣ ከሰው አገር በመከራ ያስመጣኸውን የፊት መብራት። ከዚያ ወንበሩን በመዳፍህ መታ መታ አደረግክና «ኦሪጅናል ቆዳ ነው» አልከኝ። ቆዳው ከእጅህ ሥር ተነፈሰ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ ይዤ ወደ ኋላ ስል፣ አንተ አክስትህ በመኪናህ ውበት የተደነቀች መስሎህ ሳቅክ።

አልተደነቅኩም። ቋቅ ነው ያለኝ።

እናትህ ስለማትነግርህ እኔ ልንገርህ። እሷን ብትጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። ለመሆኑ የማንም መኪና ውስጥ ከፊት ካልሆነ ለምን እንደማትቀመጥ፣ በሐምሌ ብርድ እንኳ ለምን መስኮት እንደምታስከፍት ጠይቀሃት ታውቃለህ? ልጅ ሆነህ «እማዬ አየር ትወዳለች» ትል ነበር። አየር ወዳ አይደለም።

አያትህ፣ እኔ አባዬ የምለው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ ነበር። የትኛው መኪና የትኛውን ሹም ይዞ የት እንደሚሄድ የሚያዘው እሱ ነው። ከግቢው መኪኖች ሁሉ አንዷን ብቻ «እሷ» እያለ ይጠራት ነበር፤ ክሬም ቀለም ያላት፣ ባለ ሁለት በር ሬንጅ ሮቨር። ትልልቆቹ ሰዎች ክፍለ ሀገር ሲወጡ የምትወጣው እሷ ነበረች። አባዬ ቁልፏን ሲሰጥና ሲቀበል ኖረ እንጂ አንድ ቀን ተቀምጦባት አያውቅም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ሹሞቹ ተበተኑ፣ እሷም አረጀችና ከተሰበሩ ጠረጴዛዎች ጋር ሐራጅ ወጣች። አባዬ ተጫረተና ወሰዳት። ጎፋ ወዳለው ቤታችን በሌላ መኪና ተጎትታ ስትገባ ከፊት ከፊት እየሄደ ሕፃናትና ዶሮዎችን ከመንገድ ያባርር ነበር፤ ታቦት የሚያጅብ ነው የሚመስለው።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ፣ ነገር ሁሉ የሚያስጠላኝ ልጅ ነበርኩ። አፍንጫዬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጠላቴ ነው። የጎረቤት ወጥ ሲያር ከባለቤቷ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። በጓሯችን የሚያልፈው ወንዝ በበጋ ሲጎድል ራት አልበላም ነበር። እማዬ «ይቺ የሰው ላብ የማትችል፣ ማን ያገባታል?» ትል ነበር፤ እንዳለችውም ሆነ።

አባዬ ደግሞ የሚያስጠላው ነገር አልነበረም። ከሥራ ሲገባ ገና ከበሩ ላይ «ኧረ የዚህ ወጥ ሽታ መንገድ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ!» ይላል፤ አንዳንድ ቀን ድስቱ እሳት ላይ ሳይወጣ። እኛ እንስቃለን። እማዬ አትስቅም፤ ጎንበስ ብላ ምድጃዋን ታነካካለች። ለምን እንደማትስቅ ያኔ አልገባኝም።

የሬንጇን በር በከፈትን ቀን ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። አይጥ የኋላውን ወንበር ቦርቡራ ስፖንጁ ውስጥ ወልዳበታለች። ሮዝ ሮዝ የሚሉ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ፣ ጣት የሚያህሉ ነገሮች እየተንቀሳቀሱ። የሲጋራ ቁራጩ፣ የአይጥ ሽንቱ፣ የሹሞቹ የድሮ ሽቶ አንድ ላይ ተቦክቶ ወጣ። እኔ አጥሩን ተደግፌ አስመለስኩ። አባዬ አይጦቹን በአካፋ እየዛቀ «ታያለሽ? መቀመጫዋ እንኳ እንዴት ምቹ እንደሆነ አይጥ አወቀች» ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ራት በቀረበ ቁጥር ወሬው የእሷ ታሪክ ሆነ። ሹሞቹ ወንበር ላይ ጥለዋቸው ከሚወርዱ የውጭ መጽሔቶች ለዓመታት ሲለቃቅም የኖረ ሰው ነው። እንግሊዞቹ መጀመሪያ የሠሯት ባላገር ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው ይለናል። ወንበሯ ፕላስቲክ፣ ወለሏ ጎማ፣ ቀን ጭቃ ቦቲህን ይዘህ ትገባለህ፣ ማታ በጎማ ቱቦ ውሃ ትለቅባታለህ፣ አለቀ። ኋላ ግን መልኳን ያዩ ሁሉ ፈለጓት። ፈረንሳዮች እንደ ሥዕል ሙዚየም ውስጥ አቆሟት። አንዱ ጎትቶ አስረዘማትና ሦስተኛ አክሰል ጨመረላት፤ በስድስት እግሯ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እሳት ታጠፋለች። ለሮማው ጳጳስ ቆመው የሚባርኩባት፣ በመስታወት የታጠረች ተሠራች። የዓረብ መሳፍንት ጣሪያዋን አስቆርጠው፣ ወንበሯን ሰቅለው ጭልፊት ይዘው በረሃ ለበረሃ የሚያድኑባት አለች። በመጨረሻ አራት በር ወጣላት፣ ቆዳና እንጨት ለበሰች፣ ሀብታም ወረሳት።

«የኛዋስ የትኛዋ ናት?» አለችው እናትህ አንድ ምሽት። እሷ እንደኔ አይደለችም፤ ሰው ሲያወራ ትሰማለች።

አባዬ የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። «የኛዋ የመጀመሪያዋ ናት። የገበሬዋ።» ፊቱ ላይ ኀዘን አየሁ። ዕድሜ ልኩን የሹም መኪና ናት ብሎ ሲያከብራት የኖረ ሰው፣ ወንበሯ የላስቲክ መሆኑ ከነከነው።

እናትህ የምትዳረው ለጥር ነበር። አባዬ አንድ ቀን ተነሳና «ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በሷ ነው፤ ወንበሯም ቆዳ ይለብሳል» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቅ። የሙሽራ መኪና የወንዱ ወገን ነው የሚያመጣው። የሴት አባት ድግሱን ይደግሳል፣ ያለቅሳል፣ ይመርቃል፤ መኪና ግን አያቀርብም። የአባትህ ወገኖች ከአጎቱ ነጭ ፔጆ ለምነው፣ አሳጥበው፣ ሪባኑን ሳይቀር ገዝተው ጨርሰዋል። «መኪና አላችሁ ወይ ተብለን ተንቀናል» አሉ። ከሁሉም ከሁሉም የአባትህ እናት ተቀየሙ። ሽማግሌ ተመላለሰ። አባዬ ወይ ፍንክች። ጎረቤቶቻችን ሁሉ በፊቱ «እሰይ፣ ደግ አደረግክ!» ይሉታል፣ አጥሩን ሲያልፉ ይስቁበታል። ያ ሽንገላቸው ከአይጧ ሽንት የበለጠ ያስጠላኝ ነበር።

ለቆዳው ላፍቶ ሄድን። ላፍቶ ያኔ ማሳ ነው። አሁን ሱቅ ተደርድሮ የምታየው ቦታ ላይ ጤፍ ቆሞ ነበር። አባዬ በዚያ የታወቀ ኮርቻ ሠሪ አግኝቷል። የሰውዬው ግቢ በር ላይ ስንደርስ እግሬ አልገባም አለ። የበሬ ቆዳ ከነጮማው ተወጥሮ መሬት ላይ ተቸክሏል፤ ዝንቡ ከመብዛቱ የተነሳ ቆዳው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በርሜል ውስጥ በእምቧይ ጭማቂ የተነከረ ሌላ ቆዳ አለ፤ ላዩ ላይ ፀጉርና አረፋ ይንሳፈፋል። ሰውዬው ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ አማሰለውና ያንኑ እጁን ለአባዬ ለሰላምታ ዘረጋ። አባዬ በሁለት እጁ ተቀበለው።

«በደንብ እንዲለፋ እስከ ፋሲካ ቢቆይ ነበር ጥሩ» አለ ሰውዬው።

«ሠርጉ ጥር ነው» አለ አባዬ።

«እንግዲያው ግድ የለም፣ ይደርሳል። ለበቅሎ የሆነ ቆዳ ለመኪና ያንሳል እንዴ?»

ሁለቱም ሳቁ። በቅሎ መስኮት የላትም ብሎ የነገራቸው የለም። ኮርቻ ዕድሜ ልኩን ሜዳ ላይ ንፋስ ሲመታው ይኖራል፤ ቢሸት የሚያውቀው በቅሎዋ ናት፣ እሷም አትናገርም። መኪና ግን ሳጥን ነው።

አባዬ አንዱን ቆዳ አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ዓይኑን ጨፈነ። «የቆዳ መዓዛ ማለት ይሄ ነው» አለኝ። እኔ ያን ቀን አባቴን ጠላሁት። እውነቴን ነው የምልህ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር አሽትቶ ፈገግ ይላል ብዬ ጠላሁት።

ሞተሯ ተጠገነ፣ ወንበሩም ተለብሶ መጣ። ሲያዩት፣ ምን ልበልህ፣ ያምራል። ቡናማ፣ ወፍራም፣ በነጭ ክር የተሰፋ። ግቢያችን ጥላ ሥር ቆማ፣ በሮቿ ተከፍተው ሳለ ብዙም አይታወቅም ነበር። ፀሐይ ያገኘቻት ዕለት ግን ግማቱ ወጣ። የሞተ ውሻ፣ የቆየ ቅቤና የእርጥብ ገመድ ሽታ ነው። እማዬ «ሰውዬ፣ ይሸታል» አለችው። «አዲስ ቆዳ ነው፣ ይለቃል» አላት። ጎረቤት አለው፤ «ቅናት ነው» አለ። እኔም አልኩት፤ «አንቺማ ጽጌረዳም ይሸትሻል» አለኝ። እማዬ ሌላ መላ ብታጣ ከመርካቶ ሽቶ ገዝታ ወንበሩ ላይ ደፋችበት። የገማ ነገር ላይ ሽቶ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አንተ አታውቅም፤ አትወቅም።

ከእናትህ አፍ ብቻ አንድ ቃል አልወጣም። አንድ ከሰዓት የኋላው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ትንፋሿን ይዛ ትለቃለች፣ ይዛ ትለቃለች። እየተለማመደች ነበር።

«አብደሻል? አልገባም በይው!» አልኳት።

«ደስ ብሎታል እኮ። ተይው። አንድ ቀን ነው።»

የሠርጉ ቀን አባዬ ሬንጇን ከንጋት ጀምሮ ከግቢ አውጥቶ ሰው እንዲያያት መንገዱ ላይ አቆማት። ሪባን ታሰረላት። የጥር ፀሐይ ታውቀዋለህ፤ ጥላ ውስጥ ያንቀጠቅጥሃል፣ ሜዳ ላይ ያነድሃል። እስከ ምሳ ሰዓት ስትቃጠል ዋለች። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ። የአባትህ እናትም መጡ። የወንድ እናት ቤቷ ሆና ሙሽሪትን ትጠብቃለች እንጂ አጅባ አትመጣም፤ እሳቸው ግን ልጃቸውን ያስናቀችውን መኪና በዓይናቸው ሊያዩ በዚያ በነጭ ፔጆ መጡ።

ድግሱ አልቆ ምርቃቱ ተመርቆ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሆነ። ባለ ሁለት በር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባን ያኔ ነው። ከኋላ በር የላትም። የፊት ወንበሩን አጥፈን፣ ቬሎውን እንደ ፍራሽ ጠቅልለን፣ እኔ ከውጭ እየገፋሁ ሙሽራው ከውስጥ እየጎተተ እናትህን ከኋላ አስገባናት። ሁለት ሚዜዎች ከፊት ተቀመጡ። ቪዲዮ ቀራጩ «አቧራው ቬሎውን ያበላሸዋል፣ መስኮት ዝጉ!» ብሎ አዘዘ። ተዘጋ። ከዚያ ደግሞ «ገና ነው፣ አትንቀሳቀሱ፣ ዘመዶች ዙሪያውን ይዝፈኑ» አለ። ዘመድ መኪናዋን ከቦ እያጨበጨበ ይዘላል።

እኔ በመስታወቱ የእናትህን ፊት አየው ነበር። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ፣ ዱቄቱን ይዞ ወረደ። ከንፈሯ ነጣ። መስኮቱን በእጇ ደበደበች፤ ዘፋኞቹ ሰላም ያለቻቸው መስሏቸው ባሰባቸው። ከፊት ያሉት ሚዜዎች ሳይወርዱ እሷ መውጣት አትችልም፤ እነሱ ደግሞ በር እንዳይከፍቱ ሰው በሩ ላይ ይጨፍራል። እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ነጭ ቬሎዋ ላይና የአባትህ ሱሪ ላይ አስመለሰች።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ሰው ገፍትሬ በሩን ከፈትኩ፣ ሚዜዎቹ ወረዱ፣ ጎትተን አወጣናት። የወጣው አየር የከበቡትን ሴቶች ሳይቀር ወደ ኋላ አስፈገፈጋቸው። ግን ማንም ስለ ሽታው አላሰበም። የአባትህ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እናትህን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፦

«ለካ መኪና እናምጣ ብላችሁ የተቻኮላችሁት በምክንያት ነው! ለመሆኑ ስንት ወሯ ነው?»

እናትህ ቀና አላለችም። ነጭ ልብስ የለበሰች ልጅ፣ አገጯ ላይ ትውከት እየተንጠባጠበ፣ በአባቷ ደጅ። እማዬ «ባዶ ሆዷን ውላ ነው» አለች። «ባዶ ሆድ ምን ያወጣል?» አሉ ሴትዮዋ። ከኋላ ሹክሹክታው ተነሳ። ጠዋት ወጣችንን ሲበሉ የነበሩ አፎች ናቸው። ያን ጊዜ ሰው የሚባለው ፍጡር በሙሉ ነው ያስጠላኝ።

አባዬ የግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲራመድ አየሁት። ቀስ ብሎ መጣና የሬንጇን በር ያዘ።

«እመቤቴ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ።»

«ምን ላደርግ?»

«የልጄን ስም የሚያጠፉ ከሆነ እሷ የተቀመጠችበት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ያጥፉ።»

እምቢ እንዳይሉ ሰው ያያቸዋል። ከፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አባዬ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋውና፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቀጥ ብለው ወደ ፊት አዩ። ከዚያ ነጠላቸው ወደ አፍንጫቸው ሄደ። ከዚያ በሩን በሁለት እጃቸው መምታት ጀመሩ። አባዬ ሲከፍትላቸው አጥራችን ድረስ ሮጠው፣ እኔ ያስመለስኩበት ቦታ ላይ፣ የበሉትን ሁሉ መለሱት።

«እርስዎ ደግሞ ያረገዙ አይመስለኝም» አለ አባዬ።

አንዱ ሚዜ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሴትዮዋ አፋቸውን እየጠረጉ፣ ተቆጥተው «ኧረ ይሄ ሬሳ ነው! እርስዎ ይሄ እየሸተተዎት ነው ልጅዎን የጫኑበት?» አሉት።

አባዬ አልሳቀም። «አይሸተኝም» አለ። «ጎረምሳ ሆኜ ከጭነት መኪና ወድቄ አናቴን ከተመታሁ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ወጡም፣ ሽቶውም፣ ቆዳውም።»

ሳቁ እዚያው ሞተ። እማዬ መሬት መሬት አየች። ያ ሁሉ ዓመት ከበሩ ላይ የሚያሞግሰው ወጥ ትዝ አለኝ።

አባዬ ወደ እናትህ ዞረ። «ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር አባዬ» አለችው።

ከሁሉ ቀድመው የተንቀሳቀሱት ሴትዮዋ ናቸው፤ አልወዳቸውም፣ ግን ይህን አልክድባቸውም። «ውሃ አምጡ እንጂ፣ ምን ትገተራላችሁ!» ብለው ጮኹ። በገዛ ነጠላቸው የእናትህን አገጭና ደረት አጠቡ፣ የእማዬን ኩታ ቬሎው ላይ አስረው እድፉን ሸፈኑና በነጩ ፔጆ ከፊት አስቀምጠው ወሰዷት። አባትህ በታጠበ ሱሪው ከኋላ ከእናቱ ጋር ተቀመጠ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ወር ይቆጥሩ ነበር የሚሉ አሉ። ይቁጠሩ፤ አንተ እስክትመጣ ቆጥረው ቆጥረው ደክሟቸዋል።

በማግስቱ አባዬ ቆዳውን በቢላ ቀዶ ቀዶ ወንዙ ዳር ጣለው። ያኔ ጅብ እስከ ጎፋ ይመጣ ነበር፤ አነሳው። ሬንጇ ግን ጓሮ ቆማ ዶሮ ሰፈረባት፣ በኋላም ለብረታ ብረት ሄደች። አባዬ ስለ እሷ ድጋሚ አላወራም። ያች የላስቲክ ወንበሯ፣ በጎማ ቱቦ የምትታጠበው፣ ባትነካ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይህን ሳያስብ የቀረ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ጀመረ። ወተቱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣና «እስቲ አሽቺልኝ» ይለኛል። ሸሚዙን፣ የጋዝ ምድጃውን፣ ዝናብ የመታውን መሬት ሳይቀር። «ደግሞ እንዳትዋሺኝ» ይላል። እኔም አልዋሸሁትም። ዕድሜ ልኬን የረገምኩት አፍንጫ ሥራ አገኘ።

አንተ ተወልደህ እናትህ ልትታረስ እኛ ቤት መጣች። አንድ ረፋድ አባዬ አቀፈህ። ከአንገትህ ሥር አፍንጫውን ቀበረና በረጅሙ ሳበ። ጠበቀ። ደግሞ ሳበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ምን ምን ይላል?»

ሕፃን ልጅ ደግሞ ምን ምን እንደሚል ታውቃለህ፣ ትንሽ ቀደም ብለህ ትከሻው ላይ አግስተህበት ነበር። ቀረብ አልኩና አሸተትኩህ።

«ወተት ወተት ይላል» አልኩት። «ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ከሥሩ ደግሞ ፀሐይ የሞቀው ጨርቅ ይመስላል፣ ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ። ቅቤም አለበት፣ እናቱ አናቱን ቀብታዋለች።»

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። አፍንጫው አሁንም አንገትህ ሥር ነበር።

«ድገሚልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት።